በጥቅስ የሸፈንኋት ልጄ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባረክ! ምስክርነት ልስጥ ብዬ ፓስተራችንን ከለመንሁ ሰንብቻለሁ። እሱ ፈቅዶልኝ እያለ፣ ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ ከአዳራሹ የምወጣው እኔው ነበርሁ። ዛሬ ግን ልናገር። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ እስክጨርስ ድረስ እልል አትበሉልኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አስናቀች ነኝ። እዚሁ ቦታ ቆሜ፣ ይህንኑ ማይክራፎን ይዤ፣ "ልጄ ቃልኪዳን ከሚጥል በሽታ ተፈወሰች፤ ኪኒኑንም ጥላለች" ብዬ መስክሬላችኋለሁ። እናንተም አጨበጨባችሁ፣ ዘመራችሁ፣ አቀፋችሁኝ። ያ ምስክርነት ውሸት ነበር። የጌታ ቃል አልዋሸም፤ ስሙ ይባረክ! የዋሸሁት እኔ ነኝ። የሰጠኋችሁን ለመመለስ ነው የቆምሁት።

የተወለድሁት ኮሶዬ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ቤታችንም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። እናቴ ጾም የማትገድፍ፣ ደጇ ላይ የቆመን ሰው ሳታበላ የማትሸኝ ሴት ናት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለውን ሰምታችሁ እንዳትፈርዱባቸው ብዬ ነው። ለትምህርት ጎንደር ወርጄ ከልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ አንዷ ጓደኛዬ ወደዚህ ጉባኤ አመጣችኝ፤ ጌታንም እዚሁ ተቀበልሁ። አባቴ ሲሰሙ አልጮኹም። "እንግዲህ ለኔ ሞተሻል" አሉኝ። እስኪያርፉ ድረስ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

እናቴ ግን እየደወለች "ምነው ልጄ? ከኛ ምን አጣሽ?" ትለኛለች። ስመልስላት አትከራከረኝም፤ ታለቅሳለች።

ከዚያ ደሳለኝን አገባሁ። ባለቤቴን ታውቁታላችሁ፤ በሳንጃ መስመር ሰሊጥ የሚጭን ማኪና ይነዳል፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ቀን ይበዛል። ቃልኪዳን ተወለደችልን። ሸጋ ልጅ ናት፣ ቀልደኛ፣ ወሬ የማያልቅባት።

ለአባቴ ተዝካር እሷን ይዤ ኮሶዬ ሄድሁ። ትምህርት ገና መጀመሯ ነበር። ዳሱ በካህናትና በዘመድ ሞልቶ ሳለ፣ ልጄ ድንገት ጮኸችና ተዘረረች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ እጅና እግሯ ተንዘፈዘፈ፣ በአፏ አረፋ ወጣ። ልብሷም ረጠበ። ሰው ሁሉ ጎድጓዳ ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ያያል። አንዲት የአባቴ ዘመድ "የአባቷ እርግማን ነው! ሃይማኖቷን ለውጣ እንዴት ይቅናት?" አለች፣ ወደ እኔ እያየች ጮክ ብላ። እኔ ወደ እናቴ ዞርሁ፤ አንድ ቃል ትተነፍስልኛለች ብዬ። እናቴ መሬት መሬቱን እያየች "እኔስ ምን እላለሁ? እውነት ሳይሆን ይቀራል?" አለች።

ወገኖቼ፣ ያቺ ቃል ልቤ ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች። ልጄን ታቅፌ በሚኒባስ ወደ ጎንደር ስመለስ ስለ ልጄ ነበር ማሰብ የነበረብኝ። የማስበው ግን ስለ ኮሶዬ ሰው ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። የመረመራት ወጣት ሐኪም አስቀምጦ አስረዳን። "የአንጎል በሽታ ነው። እርግማንም አይደለም፣ ጋኔንም አይደለም። ብዙ ልጆች ላይ አለ፤ በመድኃኒት ይያዛል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ ደኅና ሆነች ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ድንገት ሲቋረጥ ይብሳል" አለን። ኪኒኑን ጀመረች፤ መውደቋም ቀረ። ለዚህም ጌታ ይመስገን ማለት ነበረብኝ። አላልሁም! ከሐኪም እጅ የመጣ ነገር የጌታ አልመስል አለኝ።

በዚያው ሰሞን በእናቶች ጸሎት ላይ የእግዚአብሔርን ቃል በልጆቻችን ላይ ስለ መጸለይ ተማርን። ጥቅሱን ወስደሽ የልጅሽን ስም አስገቢበት፣ ጠዋትና ማታ በላይዋ ላይ አንብቢው ተባልን። ሸጋ ትምህርት ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። እኔም ጀመርሁ። ጠዋት ፀጉሯን እየሠራሁ "በእርሱ ቁስል ቃልኪዳን ተፈውሳለች" እላለሁ፤ እሷም ከኔ ጋር ትላለች። መጀመሪያ ላይ ከልቤ ነበር። አንዳንዴ ማበጠሪያውን እንደያዝሁ አለቅስ ነበር። ኋላ ግን ጸሎቴ አቅጣጫው ተጣመመ። አፌ ወደ ጌታ ይናገራል፣ ጆሮዬ ግን ኮሶዬ ነው። "ይሄኔ ድናለች ብላቸው ምን ይሉኝ ይሆን?" እያልሁ። የልጄን ጤና ፈልጌ ነው ብል ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። ክርክሬን ማሸነፍ ፈልጌ ነበር።

ስለዚህ ኪኒኑን አቆምሁት። ማንም አላዘዘኝም። ፓስተራችን አላለኝም፣ ያስተማሩን እህትም አላሉኝም። ደሳለኝ ከመንገድ ሲመጣ "ሐኪሙ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። "አያስፈልጋትም ብሏል" አልሁት። ሐኪሙን ግን ኪኒኑን ካዘዘልን ወዲህ አላየሁትም ነበር።

ጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነችም። እኔም እናንተ ፊት ቆምሁ። የምትዘምሩት ገና ሳያልቅ ግቢው ውስጥ ሆኜ ለእናቴ ደወልሁ። "እማዬ፣ የኔ ጌታ ፈወሳት!" አልኋት። "የኔ" የምትለዋን ቃል ጫን አድርጌ። እናቴም "እሰይ፣ እሰይ ልጄ። እንኳን ዳነች" አለች። ያ ደስታዋ እንኳ አላረካኝም። ይቅርታ እንድትጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው።

ከዚያ በሽታው ተመለሰ።

ቃልኪዳን ለትምህርት ቤት ካልሲዋን እያጠለቀች ሳለ ወደቀች። እኔ አጠገቧ ተንበርክኬ ጥቅሱን እየጮህሁ ማዘዝ ጀመርሁ። አንገቷን አላቀናሁላትም፣ ራሷ ሲሚንቶውን ሲመታው ትራስ አላደረግሁላትም። ስትነቃ አፏ ደም በደም ሆኗል፤ ምላሷን ነክሳው ነው። "እማ፣ ወደቅሁ እንዴ?" አለችኝ።

"አልወደቅሽም። እንቅልፍ ወስዶሽ ነው።"

"ታዲያ አፌን ለምን ያመኛል?"

"ተፈውሰሻል። ሰው ቢጠይቅሽ ድኛለሁ በይ። አለበለዚያ ጠላት ያገኘሽውን ይነጥቅሻል" አልኋት።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ! ልጄ የራሷን ሰውነት እንዳታምን አስተማርኋት። እየደጋገመ ሲጥላት ደግሞ እናንተ ፊት እንዳትወድቅብኝ ብዬ ወደዚህ ማምጣት ተውሁ። ስትጠይቁኝ "ጉንፋን ይዟት ነው"፣ "አያቷ ዘንድ ሄዳለች" እላችሁ ነበር። እሁድ እሁድ በሩን ከውጭ ቆልፌባት ነበር የምመጣው። እዚያ ጥግ ቁጭ ብዬ እጄን አንሥቼ እዘምር ነበር።

በዚህ መሐል ብርቱካን መጣች። ብርቱካን የትክል ድንጋይ እህታችን ናት፤ አሁን እዚህ መኖሯን አያለሁ፣ ስሟን እንድጠራም ፈቅዳልኛለች። የእሷም ትንሽ ልጅ ያው በሽታ አለበት። ምስክርነቴን ሰምታ ነበር። ከጉባኤ በኋላ እጄን ይዛ "እህቴ፣ እንዴት አድርገሽ ነው የጸለይሽላት? ኪኒኑንስ እንዴት አደረግሽው?" አለችኝ። ያን ሳምንት ልጄ ወድቃ ነበር። ያን ሳምንት! እኔ ግን ትከሻዋን ቸብ አድርጌ "እምነት ካለሽ ኪኒን ምን ያደርግልሻል?" አልኋት። ተንበርክካ እንድጸልይላት ለመነችኝ፤ ጸለይሁላት።

ብዙም ሳይቆይ፣ በአንድ እሁድ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል። አላነሣሁትም። ስወጣ ባየው ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ናቸው። ደወልሁ። "የት ነሽ አንች? ልጅሽ ተቃጥላለች! በሩን ሰብረን አወጣናት፣ ሐኪም ቤት ነን!" አሉኝ።

ሻይ ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላ ኖሯል። እዚያው ምድጃው ላይ ወደቀች። ተቆልፎባት። ጩኸት የሰሙት እትዬ ዘውዴ፣ "መናፍቅ" ብለው የሚሸሹኝ እየመሰለኝ ሰላም የማልላቸው ሴት፣ ከልጃቸው ጋር ሆነው በሩን ገንጥለው ገቡ። እጃቸውን ከሰል እየበላቸው ነው ያነሷት።

ስደርስ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ አንገቷም ተቃጥሏል። የመጀመሪያው ሐኪም ነበር ያለው፤ አወቀኝ። "መድኃኒቷን ትወስዳለች?" አለኝ።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ስነግራችሁ ፊቴ ይቃጠላል። ልጄ እንደዚያ ሆና ተኝታ እያየሁ "ትወስዳለች፤ አልፎ አልፎ ትረሳለች እንጂ" አልሁት። ሁሉን በልጄ ላይ ደፈደፍሁት።

ቃልኪዳን ዓይኗን ገለጠች። "እኔ አልረሳሁም። እማ ናት ያቆመችው። ድኛለሁ በይ ብላኛለች" አለች።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ ቁጭ አለና "እኔም እጸልያለሁ፣ እህቴ" አለ። "ጸልዪ ነው የምልሽ። እኔ ጸሎትሽን አላስቆምሁሽም። አንቺ ግን መድኃኒቷን አስቆምሽባት።" ይህን ብሎ ሌላ በሽተኛ ሊያይ ሄደ።

ደሳለኝ ከሳንጃ እየበረረ መጣ። ሁሉን ነገርሁት። "ለእኔ እንኳ ዋሸሽ?" አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ለብዙ ቀን የልጁን አልጋ ይዞ ተቀመጠ እንጂ ዓይኔን አያየኝም ነበር።

እናቴም ከኮሶዬ መጣች። ስትገባ በሩን እያየሁ "ይኸው፣ እርግማን ነው ልትለኝ ነው" ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። ነጠላዋን አደግድጋ የልጄን እግር ሳመች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አነባች። "አስናቀች፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች።

"አንቺ ምን አደረግሽ እማዬ?"

"አጎትሽን፣ አያ ሞላን፣ ወንዝ ወሰደው ስንልሽ አላደግሽም? ወንዝ አልወሰደውም፤ ውኃው ጉልበት አይደርስም ነበር። ይሄው በሽታ ጥሎት ነው እንደተደፋ የሞተ። ወንድሜ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይጥለው ነበር። ቤተሰባችን የሚያገባን እንዳናጣ ብለን ደበቅነው። ከብቱን ብቻውን እንዳይከተል የሚከለክለው ሰው እንኳ አልነበረም፤ ማን ያውቃልና?"

"ታዲያ ዳሱ ውስጥ ለምን…"

"ልጅሽ ስትወድቅ ሳይ አወቅሁት። የሱ ነው፤ የኛው ደም ነው። አወቅሁና አፍሬ ዝም አልሁ። በሃይማኖትሽ አሳበብሁ። አንች እርግማን አላመጣሽም፣ ልጄ። እኔ ነኝ የዋሸሁ።"

ወገኖቼ፣ ይህን ያህል ዘመን እርግማን ነው ሲሉኝ ልሸነፍለት ያልፈለግሁት ነገር ይኸው ነበር። እናቴ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ስጠብቀው የኖርሁት ይቅርታ! ሲመጣ ግን ምንም ደስታ አላገኘሁበትም። በእናቴ ፊት ራሴን አየሁት። እሷ ወንድሟን እንደደበቀች እኔም ልጄን ደብቄያለሁ። እሷ የሸፈነችው በዝምታ ነው፤ እኔ ግን በእግዚአብሔር ቃል ሸፈንሁ። የሚብሰው የኔ ነው።

እናቴና እኔ ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ መጸለይ ፈለግሁ። ጥቅሶቼ ሁሉ ጠፉብኝ። ያን ሁሉ በቃሌ የማውቀውን አንዱን እንኳ ማንሣት አፈርሁ። ከዚያ በወንጌል ያለው ያ አባት ትዝ አለኝ፤ ልጁን እሳት ውስጥና ውኃ ውስጥ የሚጥልበት ሰው። እሱን ያነበብሁት ለፈውሱ ብዬ ነበር፤ ሰውዬውን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ጌታ "ከያዘው ስንት ጊዜው ነው?" ሲለው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ እየሰማ "ከሕፃንነቱ ጀምሮ" ብሎ ነገረው። አልደበቀም። እምነት አለኝ ብሎም አልተኩራራም። "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሎ ጮኸ። ጌታም አልናቀውም። ሃሌሉያ! ያን ጸሎት ልጄ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተደፍቼ ጸለይሁት። በልጄ ላይ አይደለም የጸለይሁት፤ በራሴ ላይ ነው። ጌታን እዚህ ጉባኤ ከተቀበልሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ከእሱ ጋር እውነት የተነጋገርሁት ግን ያን ቀን ነው።

ቃልኪዳንን "ይቅር በይኝ" አልኋት። ትንሽ አሰበችና "እሺ። አሁን ስወድቅ ወደቅሁ ማለት እችላለሁ?" አለችኝ። "ትችያለሽ" አልኋት። "ለሁሉም ሰው?" አለችኝ። "ለሁሉም ሰው" አልኋት።

ከዚያ ብርቱካን ትዝ አለችኝ። ስልኳ የለኝም። ደሳለኝ "ተነሽ፣ እወስድሻለሁ" አለኝ፤ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። እናቴን ልጃችን ዘንድ ትተን ትክል ድንጋይ ወጣን። ገበያ ቀን ስለነበር ሰው እየጠየቅን ቤቷን አገኘን።

በር ላይ ስታየኝ ደነገጠች። ገና ሳልናገር ከኋላዋ ልጁን አየሁት። ግንባሩ ተሰንጥቋል፤ ቁስሉ ገና አልደረቀም።

"ብርቱካን፣ ልጄ አልዳነችም ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ኪኒኑን መልሺለት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንውሰደው" አልኋት።

ትሰድበኛለች፣ በሩን ትዘጋብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና ቁጭ አለች። "እኔ እኮ የኔ እምነት እንዳንቺ አልሆነም ብዬ ነው" አለች። "ልጄ በየቀኑ እየወደቀብኝ ጉባኤ መምጣት ያቆምሁት አፍሬ ነው። አንቺን የሰማ ጌታ እኔን ጠልቶኛል ብዬ ነበር።"

ወንድሞች፣ እህቶች፣ የልጄን ጠባሳ አየዋለሁ፤ ያመኛል። ይህች ቃል ግን ከእሱ ይበልጥ ታመኛለች። በኔ ክብር ምክንያት አንዲት እናት ጌታ ጠልቶኛል ብላ በቤቷ ተዘግታ ነበር።

ልጁን ይዘን በዚያው ቀን ጎንደር ገባን። ሐኪሙ መድኃኒቱን መለሰለት። በሕይወት አለ፤ ግንባሩም ድኗል። ስሙ ይባረክ! ብርቱካን ወዲያው ይቅር አላለችኝም፤ ልክ ናት። ቆይታ ነው ይቅር ያለችኝ። የእኔ ቃልኪዳንም ቆዳዋ ተጠግኖላታል፤ ትንሿ ጣቷ አልዘረጋም ብላለች፤ ግን ትጽፍበታለች። ኪኒኗን ትውጣለች። መውደቋ በጣም ቀንሷል፤ ፈጽሞ ግን አልቀረም። ይህንን ጨምሬ አልነግራችሁም፣ ቀንሼም አልነግራችሁም።

አሁንም በልጄ ላይ ቃሉን እጸልያለሁ። ጠዋት ውኃና ኪኒኗን እሰጣታለሁ፣ ስሟንም ጥቅሱ ውስጥ አስገባለሁ። ጌታ አንድ ቀን ጨርሶ ያነሣላት ይሆናል፤ ይችላል፣ አልጠራጠርም! እስከዚያ ድረስ ያለችውን ልጄን ነው ፊቱ የማቀርባት፤ እኔ ለሰው ላሳያት የምፈልጋትን ልጅ አይደለም። እናቴም ኮሶዬ ሆና በራሷ መንገድ ትጸልይላታለች። እየደወለች "ዛሬ እንዴት ዋለች?" ስትለኝ እውነቱን እነግራታለሁ።

በቤታችሁ የቆለፋችሁበት ልጅ፣ የቆለፋችሁበት ሕመም ካለ፣ በሩን ክፈቱ። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ጌታም ዘንድ አምጡት። እንዳለ አምጡት። እሱ የሚንቅ ጌታ አይደለም፤ እኔን እንዲህ ሆኜ ከተቀበለኝ እናንተን አይመልስም።

ልጄ እዚህ ናት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአባቷ ጎን። አይዞሽ፣ አትነሺ። ወገኖቼ፣ በዝማሬ መካከል ብትወድቅ አትጩኹ፣ አትበተኑ። ክብሪትም አትጫሩ፣ አፏም ውስጥ ምንም አትክተቱ። ወንበሩን አርቁላት፣ በጎኗ አስተኟት፣ ከራሷ ሥር ነጠላችሁን አድርጉላት። ስትነቃ "ወደቅሁ እንዴ?" ብላ ትጠይቃለች። "አዎ፣ ወድቀሽ ነበር፤ አብረንሽ ነን" በሏት።